ብረቱ ፕላስቲክ የሚመስለው ኮምፒውተሩ ስለደከመ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ በግንባታ አጥር የሚሰቀሉ የሕንፃ ምስሎች የውሸት የሚመስሉት ባለሙያው ውድ ኮምፒውተር ስለሌለው ነው ተብሏል። በደሴና በኮምቦልቻ ይህንኑ ሥራ የምንሠራ ሰዎች በዚህ አንስማማም። ውድ ማሽን ሥራ ያፋጥናል እንጂ አያሳምርም። የአሉሚኒየሙ መስኮት፣ የስቴንለሱ የደረጃ መደገፊያና የቆርቆሮው ጣሪያ ፕላስቲክ የሚመስሉት በአብዛኛው የሚያንጸባርቁት ነገር ስላጡ ነው።

የተወለወለ ብረት የራሱ መልክ የለውም ማለት ይቻላል፤ የምናየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው። ባዶ ግራጫ ዓለም ውስጥ የተቀመጠ ክሮም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ መብራት ይጨምራሉ፤ የሚያገኙት ግን ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ነው። የሚያስፈልገው ኤች ዲ አር አይ የሚባለው፣ ለሕንፃው ብርሃንና ነጸብራቅ የሚሰጥ ዙሪያውን የተነሣ የአካባቢ ምስል ነው። ፖሊ ሄቨን ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ያገኙትን መጫን ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ፒያሳ ላይ የሚቆም ሕንፃ መስኮቱ ላይ የባሕር ዳር ዘንባባ ሲታይበት የደሴ ሰው አይታለልም። የሚሻለው ቦታው ድረስ ሄዶ ማንሣት ነው። ካሜራውን በትራይፖድ አቁሞ፣ ነጭ ሚዛኑን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) በእጅ ቆልፎ፣ በየአቅጣጫው ከጨለማው እስከ ብሩህ በ2 ስቶፕ ልዩነት (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ይለውጣል) 5 ወይም 7 ጊዜ ማንሣት፣ ከዚያ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር አንድ አድርጎ መስፋት። በጨለማው ፎቶ ላይ ፀሐይዋ ነጭ ሆና ከተቃጠለች ብርሃኑ ይሞታል፤ ጥላውም ይደበዝዛል።

የክረምት ጭጋግ የጦሳን ተራራ ሲሸፍን ማንሣቱ ይቀላል፤ ብረቱ ግን ይደነዝዛል፣ ምክንያቱም ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ብረት ብርሃን የሚፈልገውን ያህል ጨለማም ይፈልጋል። ከካሜራው እይታ ውጭ ጥቁር ሰሌዳ ወይም የጎረቤት ሕንፃዎችን የሚተኩ ተራ ሳጥኖች ይደርደሩ። ብረቱ ላይ ጥቁር መስመር ሲያልፍ ወዲያው ብረት ይሆናል።

ወደ ማቴሪያሉ ስንመጣ፣ ምስሉን በምንሠራበት ፕሮግራም በብሌንደር ሜታሊክ የሚለው (ዕቃው ብረት መሆን አለመሆኑን የሚነግረው ቁጥር) ወይ 0 ነው ወይ 1። መሀሉን የሚመርጡ አሉ፤ እንዲህ ያለ ብረት ግን በዓለም ላይ የለም። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮና ዝገት ሁለቱም 0 ናቸው፤ ብርሃን ቀድሞ የሚያገኘው ቀለሙን ወይም ዝገቱን ነው። ለብረት ጥቁር ግራጫ መምረጥም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከሰል ያስመስለዋል። የጥሬ ብረት ቤዝ ከለር (መሠረታዊ ቀለም) በአር ጂ ቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን) 0.56፣ 0.57፣ 0.58 ነው፤ የአሉሚኒየም 0.91፣ 0.92፣ 0.92፤ የመዳብ 0.95፣ 0.64፣ 0.54።

ራፍነስ (የገጹ ሸካራነት) ለተወለወለ ስቴንለስ ከ0.05 እስከ 0.1፣ ለተፋቀ 0.3 አካባቢ፣ ለቆየ ቆርቆሮ ከ0.4 እስከ 0.5 ይበቃል። አንድ ወጥ ከሆነ ግን አያሳምንም፤ የአቧራና የጣት አሻራ ምስል ይግባበት። ያንን ምስል «ነን ከለር» (ቀለም ሳይሆን ቁጥር ነው የሚለው ምርጫ) ላይ ማድረግ የሚረሳ ሰው፣ 0.5 ያለው ቦታ 0.21 ሆኖ ይነበብበታል። ከዚያ ብረቱ ለምን ከመጠን በላይ እንዳበራ ሲፈልግ ይውላል።

ጠርዝም አለ። ምላጭ የመሰለ ጠርዝ ብርሃን አይይዝም፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቤቭል (ጠርዙን ማለዘብ) በ3 ሴግመንት (ክፍልፋይ) ይበቃዋል፣ አስቀድሞ ስኬሉን አፕላይ ማድረግ (የዕቃውን መጠን ማጽናት) ሳይረሳ። ሰፋፊ የግድግዳ አሉሚኒየም ደግሞ እንደ መስታወት ቀጥ ማለት የለበትም፤ በጣም ደካማና ሰፊ ኖይዝ (ያልተስተካከለ ንድፍ) ገጹን ወጣ ገባ በሚያስመስለው በበምፕ ይሰጠው። የቆርቆሮውን ሞገድ በኖርማል ማፕ (ቅርጹን ሳይቀይር ወጣ ገባ በሚያስመስል ምስል) ብቻ መሥራት ክዳኑ ጫፍ ላይ ያጋልጣል፤ ሞገዱ በሜትር ተለክቶ ሞዴል ይደረግ።

ከብሌንደር ሁለት የምስል ማውጫዎች ኢቪ ፈጣን ነው፤ ከብሌንደር 4.2 ጀምሮ ለነጸብራቅ ሬይትሬሲንግ የሚለውን ማብራት ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ ከስክሪኑ ውጭ ያለውን ሁሉ አያንጸባርቅም። የመጨረሻው ምስል በሌላው፣ በሳይክልስ ይውጣ። 300 ሳምፕል (ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደረግ የብርሃን ስሌት)ና ዲኖይዝ (ነጠብጣብ ማጥሪያ) ለአንድ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ደካማ ላፕቶፕም ቢሆን ማታ ተሰጥቶት ሊያድር ይችላል።

ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ጥያቄ አለን፤ እንዲህ ያለ ምስል ስታትሙ ከሥሩ «በኮምፒውተር የተሠራ» የሚል ይጻፍበት። ሥራው ሲሳካ ሕንፃው ያለቀ መስሎት ሱቅ ለመከራየት የሚመጣ ሰው አለ።

ከአክብሮት ጋር፤
የሕንፃ ምስል ባለሙያዎች፣ ከደሴ