ለደንበኞቻችን፦ ጄቶቻችሁ ስለዘገዩበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችሁ ጽፋችሁልኛል። ሁሉንም አንብቤዋለሁ። በ3 ሳምንት ሠርተን እናስረክብ የነበረውን የተዋጊ ጄት የፕላስቲክ ሞዴል ወደ 8 ሳምንት አራዝመናል፤ ያውም ሳንነግራችሁ። አለመናገራችን ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አልቀይረውም።

«ፕላስቲክ መገጣጠም ይህን ያህል ምን ጊዜ ይፈጃል?» ያላችሁኝ አላችሁ። ይህች ነገር ከንክናኛለች። መገጣጠሙማ ቀላሉ ነው። ከባዱ እስኪደርቅ መጠበቁ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ የሠራንለትን ሚግ-21 መልሶ ላከልን። አፍንጫው ላይ ያለችው ቀጭን ዘንግ ተሰብራ እንድንጠግንለት ነበር። ሌላ ቅሬታ የለውም። እኔ ግን ከመብራት ሥር ሳየው ጀርባው ላይ፣ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት ቦታ ሰርጎ መስመር ሠርቷል። ስናስረክበው አልነበረም። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያዋህደው፤ ላዩ ደረቀ ብለን ስቱኮ ሞልተን በብርጭቆ ወረቀት ስናለሰልስ ውስጡ ገና ለስላሳ ነበር። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቀስ እያለ ሰረገ። በ3 ሳምንት ለማድረስ ስንል ያመጣነው ነው። ያን ቀን ወሰንኩ።

አሁን መጋጠሚያው በደንብ እስኪደርቅ እንተወዋለን። ከዚያ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ቀለም፣ እንቀባለን፤ ዓይን ያላየውን ጭረት ሁሉ ያወጣዋል። እንደገና ማለስለስ፣ እንደገና መቀባት። ቀለሙ በኤርብራሽ፣ በአየር በምትረጭ ትንሽ መርጫ፣ ስስ ስስ ተደርጎ ይደራረባል። ዲካሉ፣ ማለትም ምልክቱና ቁጥሩ የታተመበት ስስ ተለጣፊ፣ ከመለጠፉ በፊት ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ያስፈልጋል። ሻካራ ቀለም ላይ ከለጠፉት አየር ከሥሩ ይቀራል፣ ዳር ዳሩም እንደ ብር ያብለጨልጫል። የኮክፒቱን (የፓይለቱን መቀመጫ ክፍል) መስታወት በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ፈጣን ነው፤ ግን ጭሱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ በነጭ ኮላ እናጣብቃለን፣ እንጠብቃለን።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በ11 ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ አንድ የኤፍ-4 ፋንተም ሞዴል፣ 1/72 የሆነ (ከእውነተኛው በርዝመት 72 ጊዜ ያነሰ)፣ አምጥቶልኝ አብረን ሠራነው። «አትቸኩል፣ ይደርቃል» ይለኝ ነበር። ያ ጄት ዛሬም መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ወጪውም ጨምሯል። ኪቱ (የሚገጣጠሙት ክፍሎች ያሉበት ሳጥን)፣ ቀለሙ፣ ዲካሉ፣ ማጓጓዣው፣ ሁሉም። ዲካሉን ቀንሱ፣ ማለስለሱን ዝለሉ ብለው የመከሩኝ ነበሩ። እሺ አላልኩም። ቀድማችሁ ባዘዛችሁት ላይም አንድም ሳንቲም አልጨመርኩም። ይህን ሳስታውሳችሁ ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ግን «ለገንዘብ ነው» ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከደብዳቤዎቹ አንዷ እንቅልፍ ነስታኛለች። የጻፈችልኝ ደንበኛ፣ ጡረታ የወጡ ፓይለት አባቷ ያበሩት የነበረውን ኤፍ-16 ሞዴል ለ70ኛ ልደታቸው አዛ ነበር። ልደቱ አለፈ። ደውዬ አነጋግሬያታለሁ። አሁን ጄቱ ፊቴ ነው፤ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎማዎቹና ሚሳይሎቹ ናቸው የቀሩት። የአባቷ ጄት የነበረው የጭራ ቁጥር በትክክል አለበት፤ የድሮ ፎቶ ልካልን ከዚያ ነው የወሰድነው።

መጠበቅ የማትችሉ ንገሩኝ፤ ገንዘባችሁን ሙሉውን እመልሳለሁ፣ ቅሬታም የለኝም። ብትታገሱኝ ግን ደስ ይለኛል። ከእናንተ ውስጥ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ጄቱን ያሠራ አለ፤ ይህ ሥራ እስከዛሬ የቆመው በእናንተ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የእያንዳንዳችሁ ሞዴል የት እንደደረሰ በየዓርቡ ፎቶ እልክላችኋለሁ። ስቱኮ የተለቀለቀም ቢሆን፣ እንዳለ አሳያችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት