ይድረስ ለልጄ፦ ስለ ሰባቱ ደቂቃ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ሦስት ሆናችሁ የ7 ደቂቃ ካርቱን እንደጀመራችሁ፣ ሌሊቱን እንደማትተኚ፣ አሁን ደግሞ ገንዘብ ስላጠራችሁ ሥዕሉን በግማሽ ልትቀንሱት እንደሆነ ወንድምሽ ነገረን። እናትሽን ያስጨነቃት እንቅልፍ ማጣትሽ ነው፤ እኔን ግን ሌላው ነው። ሥዕል የሚቀነሰው ታሪኩ ሲበቃው እንጂ ኪስ ሲሳሳ አይደለም።

ሒሳቡ ይገባኛል። 7 ደቂቃ 420 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ 10,080 ይሆናል። አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ 5,040 ሥዕል ይጠብቃችኋል። ብትደክሚ አልፈርድብሽም።

ግን የዩፒኤን ነገር አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1941 በዲዝኒ አድማ ሰሞን ከዚያ ቤት የወጡት ዛክ ሽዋርትዝ፣ ዴቪድ ሂልበርማንና ስቲቨን ቦሱስቶው ያቋቋሙት የአሜሪካ የካርቱን ስቱዲዮ ነው። መጀመሪያ እንጀራቸው የሠራተኛ ማኅበርና የጦር ሠራዊት ፊልም ነበር። በ1950 ሮበርት ካነን ያዘጋጀውን «ጄራልድ ማክቦይንግ ቦይንግ» ቁጭ ብለሽ እዪው። ልጁ ቃል አይወጣውም፤ ከአፉ የሚወጣው የዕቃ ድምፅ ብቻ ነው። ወለሉና ግድግዳው አንድ ቀለም ነው፤ ወንበሩና በሩ በጥቂት መስመር ተነክተው ይታለፋሉ። ልጁ ሲከፋው ቀለሙ አብሮት ይጨልማል። ታሪኩን ድምፁ ስለተሸከመው ሥዕሉ ገለል አለለት። በዓመቱ ኦስካር ወሰደ። በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በዛሬዋ ክሮኤሺያ፣ የዛግሬብ ከተማ የካርቱን ሠዓሊዎችም ከዚህ ተነሥተው የራሳቸውን መንገድ አወጡ፤ ከእነሱ አንዱ የዱሻን ቩኮቲች «ሱሮጋት» ካርቱን በ1962 ኦስካር አገኘ። ቴሌቪዥን ግን ቁጠባውን ብቻ ወሰደ፦ አካሉ ይገተራል፣ ጭንቅላቱ ብቻ ይነቃነቃል፣ መጋጠሚያው እንዳይታይ አንገቱ ላይ ኮሌታ ወይም ክራቫት ይደረግለታል። ብልሃቱን አልንቅም። ዩፒኤ ራሱ በ1960 ከተሸጠ በኋላ የታወቀ ገጸ ባሕርዩን ሚስተር ማጉን ለቴሌቪዥን በጅምላ ሲያመርት ግን ያ ሁሉ ውበት የት እንደገባ እንጃ። ኪስ ሲሳሳ የተቀነሰ ሥዕል እንዲህ ነው፣ ልጄ።

አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ ድምፁን ቅረጹ። ስቶሪቦርዱን፣ ታሪኩን በተርታ የሚያሳየውን ረቂቅ ሥዕል፣ ድምፁ ላይ ደርድራችሁ 7ቱንም ደቂቃ እዩት፤ ሳይንቀሳቀስ የገባችሁን ትዕይንት አትንኩት። አንድ አቋም 8 ፍሬም ያህል ካልቆየ ዓይን አይይዘውም፤ ሲበዛ ደግሞ የሞተ ይመስላል፣ ያኔ ዓይኑን አስጨፍኚው። ካሜራው በየፍሬሙ እየሄደ ገጸ ባሕርይዋ በየሁለት ፍሬሙ ከተራመደች እግሯ መሬቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ጋ እንዳትቆጥቢ! እያንዳንዱን ፍሬም ሣዪ። የሚከረከመው ታሪኩ የማይፈልገው ነው ብያለሁ።

ገንዘብ የሚሰጣችሁ ሰው ቢመጣ፣ ገጸ ባሕርይዋ የማን እንደምትሆን በጽሑፍ ሳይሰፍር አትፈርሚ። ፋይሎቹን ሁለት ዲስክ ላይ አስቀምጪ፣ ሁለቱንም አንድ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቺ። ድምፁ የገባበትን ስቶሪቦርድ ቀለም ባይቀባም እስከ እሑድ ላኪልኝ። ለእናትሽ ዛሬውኑ ደውዪላት።

አባትሽ