ለሐረጎ ቁልቁለት የምትሆን ርካሽ ብስክሌት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለመዝናኛ ማውንቴን ብስክሌት የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው የኋላም ሞላ ባላት ላይ ነው። ባይገዛት ይሻለዋል። ርካሽ የኋላ ሞላ ክብደት ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይበላል፣ መጋጠሚያውም ቶሎ ይላላል። የፊት ሞላ ብቻ ያላት በዚያው ዋጋ የተሻለ ፍሬንና ማርሽ ይኖራታል።

ከሁሉ በፊት ፍሬኑ ይታይ። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፤ በደካማ ፍሬን አይሞከርም! እጀታው ሲጨበጥ መሪውን ከነካ ገመዱ ይወጠር፤ ተወጥሮም ካልያዘ ትቅርባችሁ።

ቀጥሎ ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት። ቸርኬው ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ግራ ቀኝ ከዋለለ ራጂው (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) በደንብ አልተወጠረም። ፔዳል የሚይዘውን ክንድ ደግሞ ወደ ጎን ወዝውዙት። ከተንቀጫቀጨ ቡሎኑ ላልቷል፤ እንዲሁ ከተነዳ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ቢጠበቅም አይይዝም፣ ክንዱ መቀየር አለበት። የግራ ፔዳል የሚጠብቀው ከቀኙ በተቃራኒ ነው፤ ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚያስገባ ገጣጣሚ ፔዳሉ የሚገባበትን የክንዱን ጥርስ ይበላዋል። አዲስ ብስክሌት ላይ እንኳ ይህ ስለሚያጋጥም አስፈትታችሁ እዩ።

ለመመለሻው ዳገት ከፊት ሦስት ማርሽ፣ ከኋላ ትልቁ ቢያንስ 28 ጥርስ ያለው ይሁን። ብስክሌቷን በእግሮቻችሁ መካከል አድርጋችሁ መሬት ላይ ስትቆሙ በብሽሽታችሁና በላይኛው ብረት መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካልኖረ ትረዝማችኋለች።

ሻጮችም ገዢው በር ላይ ነድቶ እንዲሞክር፣ ቡሎኖቹም ፊቱ እንዲጠበቁ ብትፈቅዱ መልካም ነው።

ብስክሌት ጠጋኝ፣ ከደሴ