አባዬ፣ ለልጄ አሰብን ንገረው

አዳማ፣ ጥቅምት 2018

አሰላሙ አለይኩም አባዬ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ትናንት ሌሊት ከነጭነት መኪናው ከጅቡቲ ገብቶ እስካሁን ተኝቷል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ቤቱ ጸጥ ሲል ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ። በስልክማ "ሁሉም ሰላም ነው" ብለህ ትዘጋብኛለህ።

ነገሩ የትልቁ ልጄ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፣ 17 ዓመት ሞላው። ባለፈው እራት ላይ "እማ፣ አያቴ አሰብ ወደብ ነበር የሚሠራው አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ታዲያ ለምን አናስመልሰውም? ከፈተና በኋላ ጥሪ ካለ እኔ እመዘገባለሁ" አለኝ። የጠቀለልኩት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ። ጓደኞቹም የሚያወሩት ይሄንኑ ነው፣ ቲክቶኩም ሌላ ወሬ የለው። ልመልስለት ፈልጌ ምን እንደምለው ጠፋኝ። የማውቀው አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ያየችውን ብቻ ነዋ። አንተ ደግሞ ይኸው 27 ዓመት አለፈ፣ አንድም ቀን ቁጭ አድርገህ አልነገርከንም።

እኔ የማስታውሰው አሰብ ሰጊር ያለውን ቤታችንን ነው። በሙቀቱ ምክንያት ደጅ እንተኛ ነበር። ማታ ከወደቡ ስትመለስ ልብስህ የስንዴና የማዳበሪያ ብናኝ ለብሶ ይመጣል፣ እማዬ በር ላይ ታራግፍልሃለች። ኤርትራ ያኔ ነፃ ከወጣች ቆይታለች። ሕዝበ ውሳኔው ሚያዝያ 1985 ነበር። ግን ከዚያም በኋላ መርከቡ የሚያራግፈው በብዛት የኛን አገር እቃ ነበር፣ መኪናዎቹም ተሰልፈው ወደዚህ ነበር የሚመጡት። ከዚያ በ1990 የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ መጣ፣ ንግዱ በዶላር ይሁን ተባለ፣ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ያለው ነገር ከረረ። ግንቦት ላይ ባድመ ተተኮሰ። መርከቦቹ ቀሩ፣ እናንተም ሥራ ፈታችሁ። እኛም ሁለት ሻንጣ ይዘን በቡሬ ድንበር ወጣን። የሰኔን ደመወዝህን እንኳ አልተቀበልክም።

እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ መጀመሪያ የተከራየናት ክፍል ትዝ ትልሃለች? ግቢው ውስጥ ያለው ትልቁ ቤት ታሽጎ ነበር። የቤቱ ሰዎች ኤርትራውያን ናቸው ተብለው ተወስደዋል፤ እናትየዋ ግን እዚሁ ናዝሬት ነው የተወለደችው ይሉ ነበር ጎረቤቶች። ያኔ ከኢትዮጵያ የተባረሩት ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች እንደነበሩ ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው። እኛ ከዚያ ስንወጣ እነሱ ከዚህ ወጡ፣ በአንድ ክረምት። እማዬ በየማለዳው የእነሱን ጽጌረዳ ውሃ ታጠጣ ነበር። አንተ "ተይው፣ ሰው ያያል" አልካት። አልተወችም፣ አላህ ይማራት።

ጦርነቱ በሰኔ 1992 ቆመ። አሸነፍን ተባለ፣ እኛም ሰፈር ተጨፈረ፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። ታኅሣሥ 1993 ሁለቱ መንግሥታት አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ከሁለቱም ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ከሞተ በኋላ ማለት ነው። ተኩሱ ከቆመ ወዲህ እስከ 2010 ጦርነትም ሰላምም የሌለበት 18 ዓመት።

አባዬ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ቀን አሰብ ለኛ ይሠራ ነበር። ክሬኑ ላይ አንተ ነበርክ። በየቀኑ የምንጠቀምበትን ወደብ ያጣነው አሸነፍን ባልነው ጦርነት ነው። ልጄ ይሄን አያውቅም። በጦርነት የሄደ ነገር በጦርነት ይመለሳል ብሎ ነው የሚያስበው። ወደብ መፈለጉ ጥፋት ነው አልልም፣ ይሄን ያህል ሕዝብ ያለባት አገር በር ያስፈልጋታል፣ እኔም ባሕሩ በሕልሜ ይመጣል። በምን መንገድ የሚለው ላይ ነው ልቤ የሚፈራው።

ዋጋውን እስከዛሬ እየከፈልን ነው። ለጅቡቲ ወደብ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይወጣል ይባላል፣ ያ ብር ሱቄ ውስጥ ባለው ዘይት ላይም አለ፣ ዱቄቱም ላይ አለ። ባለቤቴ አንዳንዴ ወረፋ ላይ ቀናት ይቆያል። መንገዱ እስከ ሎጊያ፣ ከዚያም አልፎ ያው የድሮው የአሰብ መንገድ ነው፣ በኋላ ነው ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ የሚለየው። "መገንጠያው ጋ ስደርስ ሁሌ አባትሽ ትዝ ይሉኛል" ይለኛል።

ሐምሌ 2010 ከኤርትራ ጋር ስልኩ የተከፈተ ቀንስ? አዳማ እኛ ጋ ነበርክ። ከዚያች ከተቀዳደደች ደብተርህ ላይ የአሰብ የሥራ ባልደረባህን ቁጥር አውጥተህ ደወልክ። ያነሳው ልጁ ነው። አባትየው ከሞተ ዓመታት አልፈውታል። ልጁ ደግሞ ገና በወጣትነቱ ብሔራዊ አገልግሎት ገብቶ እስከዚያ ቀን አልተለቀቀም፤ ሕጉ 18 ወር ይላል፣ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን ማለቂያ የለውም። "አባቴ ስምህን ይጠራ ነበር" አለህ። ስልኩን ዘጋህና ሳትበላ ተኛህ። እኔም ልጠይቅህ ፈራሁ። መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬ ሲከፈት በቴሌቪዥን እያየህ ያለቀስከውን ግን አይቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ መልሶ ተዘጋ።

የ2014ቱንማ አንተ ታውቀዋለህ። በሰሜኑ ጦርነት ያለህበት ኮምቦልቻ ሲያዝ በ70 ዓመትህ ፌስታል አንጠልጥለህ በሬን አንኳኳህ። ሁለተኛ ስደትህ። ያን ጊዜ ልጄ 13 ዓመቱ ነበር፣ እግርህን ያጠበልህ እሱ ነው። ያበጠውን እግርህን አይቷል፤ ታሪኩን ግን አልሰማም።

አንድ ነገር ልለምንህ። እኔ ብናገረው "እናት ስለሆንሽ ፈርተሽ ነው" ይለኛል። አንተን ይሰማል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነው፣ ደውልለት፣ ወይም ጉልበትህ ከቻለልህ መጥተህ እኛ ጋ ሰንብት፣ ባለቤቴ የሚያመጣህ ሰው ይፈልጋል። ፖለቲካውን ተወው። ክሬኑን ንገረው፣ ባልደረባህን፣ ቡሬ ላይ ውሃ ያጠጣንን ሰውዬ። ከየት እንደምትጀምር ከጠፋህ ከሰኔዋ ደመወዝ ጀምርለት።

ለጉልበትህ መድኃኒት የሚሆን ትንሽ ብር በቴሌብር ልኬልሃለሁ፣ ለጎረቤት አታበድር።

ልጅህ