ለአብሮ አደጌ፣ ስለ ጣሪያው ነፋስ

ሚኒያፖሊስ፣ ጥር

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ወገብሽ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጠፋሁ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ፤ «ደግሞ ዛሬ ከየት መጣች?» ብትዪ አይፈረድብሽም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። አፍሬ ነው።

ያን ሐምሌ ከኩዌት የላክሽልኝ የድምፅ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሽ ነበር። «ነፋስ መጣልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ፊቴን ለበለበኝ፣ የምጣድ ወላፈን በይው» ትያለሽ። ከድምፅሽ ኋላ አንሶላው በነፋሱ ሲማታ ይሰማል። እኔስ ምን ብዬ መለስኩልሽ? «ተመስገን በይ፣ አንቺ ነፋስ አለሽ፤ ቤት ስትገቢ ደግሞ ማራገቢያ ክፈቺ።» ከዚያ ወዲያ ዝም አልሽ። ልክ ነበርሽ። በእሳት ላይ ላለ ሰው እፍ በዪበት እንደማለት ነው የተናገርኩሽ፣ ይኼን የገባኝ ደግሞ ገና በቅርቡ ነው።

እንዴት እንደገባኝ ልንገርሽ። የገና ሰሞን ከአዛውንቶቹ ቤት የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ስልኬ ከዜሮ በታች 20 ይላል። ከሥሩ ደግሞ «የሚሰማው» ብሎ ከዜሮ በታች 33። ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሻርፔ ከግራ ጆሮዬ ላይ ተንሸራቶ ኖሯል፣ እኔ እጄን ከኪሴ ማውጣት ፈርቼ ተውኩት። መጀመሪያ እንደ መርፌ ወጋኝ። ቀጥሎ ሕመሙ ጠፋ፤ እኔም ለመድኩት ብዬ ደስ አለኝ። አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ገብቼ ጆሮዬን ብነካው የኔ አይመስልም፣ እንደ ጧፍ ሰም ነጭና ደረቅ ሆኗል። ልሸው ስል አጠገቤ የተቀመጠች፣ ነርስ ነኝ ያለችኝ ሴት እጄን ያዘችኝ። «እንዳታሺው፣ ሥጋውን ትጎጂዋለሽ፤ በመዳፍሽ ሸፍነሽ ያዢው፣ ቤት ስትደርሺ ለብ ባለ ውኃ» አለችኝ። እኛ ቤት ቢሆን እናቴ ቅቤ ይዛ ታሸኝ ነበር። አሁን ድኗል፣ ቆዳው ብቻ ተልጦ ወደቀ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ «የሚሰማው» የሚሉት ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብኝ ብዬ ተያያዝኩት። እዚህ ዊንድ ቺል ይሉታል። ነገሩን የጀመሩት ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1941 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) አንታርክቲካ ላይ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ነፋስ ላይ ሰቅለው በስንት ጊዜ በረዶ እንደሚሆን ለኩ። ሰው ግን የውኃ ዕቃ አይደለም፤ ደሙ ይዞራል፣ ይራመዳል። ስለዚህ በ2001 አሜሪካና ካናዳ ቀመሩን ለወጡት። ካናዳ ውስጥ 12 ፈቃደኞችን፣ ስድስት ወንድና ስድስት ሴት፣ ፊታቸው ላይ መለኪያ ለጥፈው ቀዝቃዛ ነፋስ በሚነፍስበት ክፍል ውስጥ አስኬዷቸው። አሁን ስልኬ ላይ የማየው ቁጥር ከነዚያ ሰዎች ጉንጭ የመጣ ነው። ይኼን ሳውቅ ጆሮዬን ዳሰስኩ።

እኔም በረንዳዬ ላይ ሞከርኩት። ሁለት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልቼ አንዱን ከግድግዳው ሥር ሸሸግ አድርጌ፣ ሌላውን ነፋሱ በሚያገኘው በኩል በገመድ አንጠለጠልኩ። የተንጠለጠለው ቀድሞ ረጋ፣ በጎኑ እንደ መርፌ የቀጠነ በረዶ ሠራ። የተሸሸገው ያኔ ገና ውኃ ነበር። ጠዋት ቴርሞሜትር ሳስጠጋቸው ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ከአየሩ በታች የወረደ የለም። ነፋስ ደረቅ ዕቃን ከአየሩ ይበልጥ አያቀዘቅዝም፤ የሚያደርገው ሙቀቱን ቶሎ መውሰድ ነው።

ምክንያቱን እንደገባኝ ልንገርሽ። ሰውነታችን ዙሪያውን ያለውን አየር ያሞቅና እንደ ስስ ነጠላ ይለብሰዋል። ጸጥ ባለ ቀን ያ ነጠላ ከላያችን አይነሳም። ነፋስ ሲመጣ ይገፍፈዋል፤ ሰውነት ሌላ ያሞቃል፣ ያንንም ይገፍፈዋል። ትኩስ ቡና እፍ ስንል የምናደርገው ይኼንኑ ነው። ደግሞ ትንሿ ነፋስ ናት አታላይዋ። ከዜሮ በታች 20 በሆነ ቀን የመጀመሪያዋ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻዋን ሰባት ዲግሪ ያህል ብርድ ትጨምራለች፤ ከ30 ወደ 40 ሲያድግ ግን የሚጨምረው አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ነጠላው አንዴ ከተገፈፈ ወዲያ የሚገፈፍ ብዙ የለም።

እኔ እዚህ በገባሁበት ዓመት፣ በ2019 ጃንዋሪ 30፣ ያለ ነፋሱ ከዜሮ በታች 33 ደርሶ ነበር፤ ከነፋሱ ጋር የሚሰማው ግን ከዜሮ በታች 45ንም አልፎ ወረደ። ፖስታ ቤት እንኳ ደብዳቤ ማደል አቆመ። ያን ሁሉ አይቼ ነው አንቺን «ነፋስ አለሽ» ያልኩሽ።

አሁን ወዳንቺ ጣሪያ ልምጣ። ቆዳችን 35 ዲግሪ ያህል ነው። አየሩ ከዚያ በታች ሲሆን ነፋስ ሙቀት ይወስዳል። ኩዌት 46 ሲሆን ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ገላሽን የነካው ስስ አየር ከውጪው ይልቅ የቀዘቀዘው እሱ ነው። ነፋሱ ያንን ገፎ የ46ቱን ያለብስሻል፣ ደጋግሞ። ያቺ ሐምሌ ላይ የምትነፍሰው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ፣ ሸማል የሚሏት፣ ለዚህ ነው የለበለበችሽ። ያለሽበት አገር ሚትሪባ በተባለ ቦታ በ2016 53.9 የተለካበት አገር ነው፤ እኔ ግን «ማራገቢያ ክፈቺ» አልኩሽ። ይቅር በዪኝ።

የሚያድንሽ ላብሽ ነው። ነፋሱ ደረቅ ከሆነ ላቡን ሲያደርቅ ሙቀትሽንም ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህ ነጠላሽን ወይም ሻሽሽን ውኃ ነክረሽ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊ፣ ክንድሽንም አርጥቢ። በነሐሴ ከባሕር በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ሲሆን ግን ላቡ አይደርቅም፣ ያን ጊዜ ማራገቢያም አትመኚ። ደጅ ለሚሠሩት ከሰኔ መግቢያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በፈረንጆቹ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ተከልክሏል ይባላል። ለእመቤትሽ ይኼን ንገሪያት፤ ልብስ ማለዳ ቢሰጣም ይደርቃል።

ከአዲስ አበባ ስንመለስ ትዝ ይልሻል? ጫጫን ሳናልፍ መስኮቱን ትከፍቻለሽ፣ አውቶቡሱ ሙሉ «ዝጊው፣ ብርድ ታስመቺናለሽ!» ይላል። አንቺ ግን አፍንጫሽን በቀዳዳው አስጠግተሽ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ነፋሷን ትጠጫታለሽ። ነፋስ የምትወድ ልጅ ነበርሽ። ያን ቀን ጣሪያው ላይ ደስ ያለሽ ለዚያ መሰለኝ፣ የደብረ ብርሃኗ የመጣችልሽ መስሎሽ።

መልእክትሽን ደግሜ ስሰማው መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ትያለሽ፤ አንሶላው ሲማታ ዋጠው። አሥር ጊዜ አደመጥኩት፣ አልለየሁትም። ምን ነበር ያልሽኝ?

እናትሽን ባለፈው እሑድ ደውዬ አናግሬያታለሁ፣ ደህና ናት። ልብሱን በስንት ሰዓት እንደምታሰጪ ንገሪኝ።

ያንቺው እህት