ፍራሹ ሥር የተቀመጠው ገንዘብ

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልሽ ግራ እንደሚገባሽ አውቃለሁ። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ ልቦለድ ነው፤ ታገሽኝና ልንገርሽ።

ኻሊድ ሆሴይኒ የሚባል፣ ካቡል ተወልዶ አሜሪካ የሚኖር፣ ያኔ ሐኪም የነበረ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ነው፤ «ዘ ካይት ረነር» ይባላል። አሚር የጌታው ልጅ ነው፣ ሐሰን የአሽከሩ፤ ያደጉት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሐሰን ሃዛራ ከሚባለው የአፍጋኒስታን ብሔረሰብ ነው፤ ወገኖቹ በአገራቸው የተናቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 የብርድ ወራት አሚር የካይት፣ ማለትም በክር ተይዞ የሚበር ወረቀት፣ ውድድር ያሸንፋል። ሐሰን የወደቀችውን ሰማያዊ ካይት ሊያመጣለት ሲሮጥ ጎረምሶች ጠባብ መንገድ ውስጥ ያዙትና አንዱ ደፈረው። አሚር ጥግ ላይ ቆሞ አየ። አየና ሸሸ።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አሚር የሐሰንን ፊት ማየት ቢከብደው፣ ለልደቱ የተሰጠውን ሰዓትና ብር ወስዶ ሐሰን ፍራሽ ሥር ከተተና ሌባ አስባለው። ሐሰን ሲጠየቅ «አዎ፣ ሰርቄያለሁ» አለ። ሐሰን፣ አሚር ያን ቀን መንገዱ ላይ ቆሞ እንዳየው ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ሸፈነለት።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። የመሥሪያ ቤታችን እቁብ ታወሰኝ። ብሩን ሁለቴ ቆጥረሽ ፖስታ ውስጥ ከተሽ ለዳኛው ስታስረክቢ ከጎንሽ ተቀምጬ ነበር። ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲከተውም አይቻለሁ። በነጋታው «አራት ሺህ ይጎድላል» ሲል ዞር ብለሽ አየሽኝ። እኔ የሻይ ስኒዬን አየሁ። ሰውየው አለቃዬ ነበር፤ ዕድገትም እጠብቅ ነበር። ደግመሽ አላየሽኝም። «እሺ፣ እከፍላለሁ» ብለሽ የእናትሽን ሀብል ሸጥሽ።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ብዙ አንባቢ የሚወደው፣ አሚር ከዓመታት በኋላ የሐሰንን ልጅ ሶህራብን ከታሊባን እጅ ሊያወጣ ሄዶ፣ በዚያው ሐሰንን በደፈረው ሰው ሲደበደብ ነው። የጎድን አጥንቱ እየተሰበረ ይስቃል፤ ቀለለው። እኔ ግን ይህን ቤዛነት ብዬ መቀበል አቃተኝ። በልጅነታቸውም ሐሰንን በሮማን እየደበደበ «መልሰህ ምታኝ» ሲለው፣ ሐሰን ሮማኑን የገዛ ግንባሩ ላይ አፈረጠው። አሚር የሚፈልገው ተቀጥቶ ማረፍ ነው። እኔም ያንኑ ነበር የፈለግኩት። ንስሐ ገብቼ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ንስሐ አባቴ ግን «መጀመሪያ ሄደሽ ታረቂያት» ብለውኝ ነበር። እሱን ብቻ ዘለልኩት።

ልቤን የነካኝ ሌላ ነው። አሚር አድጎ ከሚኖርበት አሜሪካ ሶህራብን ፍለጋ አፍጋኒስታን ሲመለስ አንድ ድሃ ቤት ያድራል። ልጆቹ ሰዓቱን ያዩ መስሎት አውልቆ ሰጣቸው፤ ለካስ ዓይናቸው ምግቡ ላይ ነበር። በማለዳ ሲወጣ ብር ፍራሹ ሥር ትቶ ሄደ። ከ26 ዓመት በፊት ሰው ባጠፋበት እጅ! ኋላም አሜሪካ፣ በቤተሰቡ ማዕድ ላይ፣ አማቱ ልጁን «ሃዛራ» እያሉ ሲጠሩት፣ ስሙ ሶህራብ ነው፣ ሁለተኛ በፊቴ እንዲህ እንዳይሉት አላቸው። ዝም ብሎ የበደለ ሰው ካሳው መናገር ነው ብዬ አሰብኩ። ሐሰን ግን ያን ጊዜ ሞቷል፤ አልሰማውም።

አንቺ አለሽልኝ። ስለዚህ ባለፈው እሁድ የድሮ እቁብተኞቻችን ለቅሶ ላይ ተሰብስበው ሳገኛቸው፣ ዳኛውም ተቀምጦ ሳለ፣ ያየሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዷ ጮክ ብላ አለቀሰች። እሱ ምንም ሳይል ተነስቶ ወጣ።

የሀብሉን ገንዘብ አስቀምጬልሻለሁ። ሳትፈቅጂ ግን አልልከውም፤ ፍራሽ ሥር ደብቆ እንደመሄድ ይሆንብኛል። ነይ ካልሽኝ ድንጋይ ተሸክሜ ደጅሽ እመጣለሁ። አትምጪ ካልሽም አልቀየምሽም።

ስልኬ ያው የድሮው ነው።

የበደልኩሽ እህትሽ