ከገጽ 112 ቀጥሎ ገጽ 97 ለገጠማችሁ ደንበኞቻችን

ጅማ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ወር ያሳተምነውን አስፈሪ ልብ ወለድ ገዝታችሁ እያነበባችሁ፣ መሐል ላይ ስትደርሱ ታሪኩ ወደ ኋላ የተመለሰባችሁ አላችሁ። ስህተቱ የእኛ ነው፤ የደራሲው እጅ የለበትም። ከገጽ 97 እስከ 112 ያለው ክፍል ሁለት ጊዜ ገብቶ፣ ከ113 እስከ 128 ያለው ጭራሽ የቀረበት መጽሐፍ ከቤታችን ወጥቷል። ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ነገሩን ያወቅነው አጋሮ የሚኖር አንድ ደንበኛችን ሲደውል ነው። የደወለው ሊወቅሰን አልነበረም። «እነዚህን ገጾች የደገማችኋቸው ልዩነታቸውን እንድናገኝ ነው?» ብሎ ጠየቀን። የተደገመውን ክፍል ወዲያና ወዲህ እየገለጠ፣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ፣ አንዲት የተለወጠች ቃል ሲፈልግ አምሽቷል። የተለወጠ ቃል እንደሌለ ስንነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። በር ላይ አጭር ማስታወቂያ ለጥፈን ልናልፈው ያሰብነውን ጉዳይ በደብዳቤ እንድናስረዳ ያደረገን ያ ዝምታ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ጎኑ ታትሞ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። መጽሐፉ 256 ገጽ ስለሆነ እንዲህ ያሉ 16 እጥፎች አሉት። እጥፎቹ በረጅም ጠረጴዛ ላይ በየተራቸው ይከመራሉ፤ ሠራተኛው ጠረጴዛውን እየዞረ ከየክምሩ አንድ አንድ ያነሳና አንድ መጽሐፍ ይሞላል። በዚያ ምሽት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ መብራት ጠፋ። ሥራውን ለነገ ማሳደር ይገባን ነበር። ለሐሙስ ገበያ ለማድረስ ስለቸኮልን በስልክ መብራት ቀጠልን። ስምንተኛው ክምር ሲያልቅ በቦታው የተተካው የሰባተኛው ትርፍ ነበር። ሁለቱም በወረቀትም በመጠንም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የገጽ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ በዚያ ጨለማ ማንም አላየውም።

ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። በእያንዳንዱ እጥፍ ጀርባ፣ ማለትም ሙጫ በሚቀባው ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ጥቁር ምልክት ትታተማለች፤ ከአንዱ እጥፍ ወደ ሌላው በጥቂቱ ዝቅ እያለች ትሄዳለች። መጽሐፉ ሙጫ ከመቀባቱ በፊት ጀርባውን ያየ ሰው ምልክቶቹ እንደ ደረጃ ሲወርዱ ያያል። አንድ እጥፍ ቢደገም ወይም ቢቀር ደረጃው ይሰበራል፤ ለማየት አንድ አፍታ በቂ ነው። ይህን እያወቅን አላደረግነውም። ከአሁን በኋላ ያለዚያ ምልክት ከቤታችን አንድም መጽሐፍ አይወጣም።

አንድ ወዳጃችን «16 ገጽ ምን አላት? ዘልሎ ማንበብ ነው» ብሎን ነበር። በዚህ ዓይነት ልብ ወለድ አይቻልም፤ ለምን እንደማይቻል ብንነግራችሁ ደስ ይለናል፤ መጽሐፉን ስለምንወደው።

ጭንብል ያጠለቀ ገዳይ፣ ስለት፣ አንድ በአንድ የሚያልቁ ወጣቶች፣ ከሥር ተዳፍኖ የቆየ አሮጌ በደል፤ ይህ አወቃቀር በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሲኒማ የተስፋፋ ነው። ከሁሉም በኋላ ተርፋ ገዳዩን ፊት ለፊት የምትገጥመውን ሴት «የመጨረሻዋ ልጃገረድ» ብለው የሰየሟት ካሮል ክሎቨር የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር ናቸው፤ ጽሑፋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ዋናው ሙያቸው የመካከለኛው ዘመን የስካንዲኔቪያ ሥነ ጽሑፍ መሆኑን ስናውቅ ገርሞናል። ይህች ልጅ ከጓደኞቿ የምትለየው በንቃቷ ነው፤ እነሱ ሲጫወቱ እሷ የተከፈተውን በር ታያለች። አንባቢም አብሯት ያያል። በመሐል 16 ገጽ ዓይኑን ከታሰረ ግን፣ እሷ የምታውቀውን ሳያውቅ ቢላዋው ፊት ይቆማል።

የእኛ መጽሐፍ ደግሞ የሚሆነው ቡና በሚለቀምባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ገዳዩ የቡና ጆንያ ፊቱ ላይ አጥልቆ ገጀራ ይዞ ይመጣል። በትንሽ ከተማ ከጆንያው ይልቅ የሚያስፈራው ከጆንያው ሥር ያለው ፊት ነው፤ ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ያለፈ፣ ልቅሶ ቤት ድንኳን ሲተክል አብሮ ገመድ የሳበ፣ የእናትህን ስም የሚያውቅ ሰው ነውና። ደራሲው ይህን የገነባው በትንንሽ ነገሮች ነው። በገጽ 104 ረከቦቱ ላይ ሰባት ሲኒ ይደረደራል፤ አቦሉ ይጠጣል፤ ቶናው ይቀዳል። በረካው የሚቀዳው ከጠፉት ገጾች በአንዱ ነው። በረካ ሲደርስ ስንት ሲኒ ሞልቶ እንደቀረ ያላየ ሰው፣ በገጽ 140 የወፍጮ ቤቱ ልጅ ለምን እንደምትሮጥ አይገባውም። ቤታችን ውስጥ መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበበችው ሠራተኛችን እዚያ ቦታ ስትደርስ ተነስታ የመደብሩን በር ቆልፋለች፤ ገና ቀኑ 9 ሰዓት ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ታሪኩ እዚህ የተፈጸመ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። አይደለም፤ ልብ ወለድ ነው፤ ከተማዋም በመጽሐፉ ውስጥ ስም የላትም። ዝናቡና የሚደርቀው ቡና ሽታ ሰፈራችሁን ቢያስታውሳችሁ ግን አንገረምም። ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንደማንሸጥም ባላችሁበት እወቁልን።

አሁን መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ እዩ። ከ112 ቀጥሎ 97 ካገኛችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ወዲያው በሙሉ መጽሐፍ እንቀይርላችኋለን። ደረሰኝ አንጠይቅም፤ ገጹ ራሱ ማስረጃ ነው። ቢጠቀለል፣ ቡና ቢፈስበት፣ ከሰው በስጦታ ያገኛችሁት ቢሆንም እንቀበላለን። ገንዘባችሁን ብትፈልጉም እንመልሳለን። አጋሮ፣ በደሌና ቦንጋ ያላችሁ ለመንገድ ወጪ አታውጡ፤ ደውሉልን፣ በመናኸሪያ በኩል ሙሉውን ልከንላችሁ የተበላሸውን በዚያው መኪና እንቀበላለን፤ ጭነቱን የምንከፍለው እኛ ነን።

የሰው ስም የተጻፈበት ወይም ዳር ዳሩ ላይ ማስታወሻ ያሰፈራችሁበት ስለሆነ ያንኑ ቅጂ ማቆየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መጽሐፉን ፈትተን የተደገመውን እጥፍ አውጥተን የጎደለውን እናስገባለን። ለዚህ ሦስት ቀን ስጡን፤ በጅማ ክረምት ሙጫ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ብንሰጣችሁ ደግሞ ገጹ በእጃችሁ ይነቀላል።

የጎደሉትን ገጾች ፎቶ ኮፒ እየሸጠ ያለ ሰው እንዳለ ሰምተናል። አትግዙ፤ በነጻ የሚገባችሁ ነው። መጽሐፉን ጨርሳችሁ «መጨረሻው አልገባኝም» ያላችሁም ኑ፤ ያልገባችሁ በእኛ ጥፋት ነው።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን። እስክትመጡ ድረስ እባካችሁ ከገጽ 112 አትለፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጽሐፍ መደብሩና የማተሚያ ክፍሉ ባልደረቦች